ዕንቁጣጣሽ ዓርብ ሲውል ገበታው እንዴት ይዘርጋ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በቤት ዓምዳችሁ ስለ አዲስ ዓመት ጠረጴዛ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነፎቶግራፉ አየነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ወጡ ላይ ሦስት ቀን ተደክሞ ገበታው በአምስት ደቂቃ የሚዘረጋበት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ስለ ገበታ የሚጽፍ ሰው ሲገኝ ደስ ይለናል። ፎቶው ላይ ግን መሐል ለመሐል እስከ አገጭ የሚደርስ የአበባ ማስቀመጫ ተገትሯል፣ ውስጡ የፕላስቲክ አደይ አበባ። ከጎኑ ሽቶ የገባበት ሻማ ይነድዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዶሮ ወጥ ቀርቧል። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚውለው እኮ ዓርብ ነው!

የማንንም ጾም ለመቆጣጠር አይደለም። ከበዓለ ሃምሳ ውጭ የረቡዕና የዓርብ ጾም የሚቀረው ልደት ወይም ጥምቀት ሲውልበት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ዓርብ ከዋለ የኦርቶዶክሱ ቤት ገበታ የጾም ይሆናል፤ ዶሮው ለቅዳሜ ያድራል። ባለሙያ እናቶች ይህን ገና በሐምሌ ቆጥረው ጨርሰውታል። አዲስ ጎጆ የወጡት ግን ዶሮውን ገዝተው ሽንኩርቱን ልጠው ከጨረሱ በኋላ ነው ትዝ የሚላቸው። «በዓል በጾም?» ብሎ ፊቱን የሚያጠቁርም አይጠፋም። ያለ ምክንያት ነው። በቀለም ከሄድን ከበያይነቱ የሚበልጥ ገበታ በአገራችን የለም። የሥጋ ነገር ስለሌለበት ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት «የማን እርድ ነው» ሳይባባል እጁን አንድ ትሪ ላይ የሚያሳርፍበት ገበታ እሱ ነው። ሙስሊም ጎረቤት የሚጠራ ቤት ጥሪውን ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ግድም ቢያደርገው ለሁሉም ይመቻል።

እኛ ሥራችን ድግስ ነው። ስለዚህ ከውበቱ በፊት መጠኑን እናስቀድም፤ ገበታ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 58 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እንጀራው 55 ሳንቲ አካባቢ ይወጣል፤ ትሪውም በዚያው ልክ ነው። በየቤቱ የሚታየው ባለ ስድስት ሰው ጠረጴዛ ወርዱ 90፣ ርዝመቱ 180 ሳንቲ ነው። ትሪው በወርዱ መሐል ሲቀመጥ በያንዳንዱ ጎን የሚተርፈው 17 ሳንቲ ተኩል ብቻ ነው። ብርጭቆ ሰባት ስምንት ሳንቲ ይወስዳል፤ የቀረው ለሶፍትና ለታጠፈ ጭማሪ እንጀራ ይሆናል። በጽሑፋችሁ እንደተመከረው ለእያንዳንዱ ሰው ሳህን፣ ከሥሩ ሌላ ሰፊ ሳህን፣ በግራ ሹካ፣ በቀኝ ቢላ ይደርደር ከተባለ ትሪው ወይ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ወይ ከጠረጴዛው ይወርዳል። በእጅ ለሚበላ ምግብ በሹካ ለሚበላ ምግብ የተሠራ ሥርዓት ማልበስ ሰፊ ኮት ለሕፃን እንደማልበስ ነው፤ እጁ አይወጣም።

ለስድስት ሰው አንድ ትሪ መሐል ማስቀመጥም አያዋጣም። በጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው እስከ መሐሉ 90 ሳንቲ አለው፤ ለአንድ ጉርሻ ከወንበሩ መነሣት ሊኖርበት ነው። የሚሻለው ሁለት ትሪ ነው። ጠረጴዛውን በሐሳብ ለሁለት ክፈሉትና በያንዳንዱ ግማሽ መሐል አንድ አንድ ትሪ አስቀምጡ። በአንዱ ትሪ ሦስት ሰው ይበላል፣ ሁለቱ በጎንና በጎን፣ አንዱ በጫፍ። በሁለቱ ትሪዎች መካከል 35 ሳንቲ ክፍት ቦታ ይቀራል። አበባው፣ የጨው ዕቃው፣ የልጆቹ የዕንቁጣጣሽ ሥዕል ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ሥዕሉን ለሽልማት ብር ሰጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከመወርወር እንደ ትንሽ ድንኳን ሁለት አጥፎ ማቆም ገበታውን ያለ ወጪ የመስከረም ያደርገዋል።

በመሶብ ለሚበላ ቤት የመቀመጫው ከፍታ ነው ወሳኙ። መሶቡ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ከቆመ በርጩማው 30 ወይም 35 ሳንቲ ይሁን። አሁን አሁን ግን መሶቡ ሶፋ ፊት ይቀመጥና እንግዳው ሶፋው ውስጥ ሰምጦ ይበላል። ከመሶቡ እስከ አፉ ያለው መንገድ ስለሚረዝም ወጡ በጉልበቱና በመሶቡ መሐል ይንጠባጠባል፤ የሚያርፈውም ወይ ነጩ ቀሚስ ላይ ነው ወይ ቄጠማው ላይ። ሶፋው ገፋ ይበል፤ በርጩማ ካልበቃ ከጎረቤት ይመጣል። በአንድ መሶብ ዙሪያ አራት ሰው በምቾት፣ አምስት በፍቅር ይበላል። ስድስተኛው ክርኑን የት እንደሚያደርግ አያውቅም።

መሶቡ ራሱ ከክረምቱ እንዴት እንደወጣ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ይታይ። ስንደዶና አክርማ እርጥበት ይስባሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ቁምሳጥን ላይ ተከድኖ የከረመ መሶብ ስፌቱ ውስጥ አመድማ ሻጋታ ይይዛል። ደረቅ የልብስ ብሩሽ ወስዶ በስፌቱ አቅጣጫ መቦረሽ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ነፋስ ባለበት ጥላ ማዋል ነው። ቧንቧ ሥር ማጠብ ልቡን አርጥቦ ሻጋታውን ከውስጥ ያመጣዋል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ቀለሙን ያነጣዋል። ከገበያ አዲስ የተገዛ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ መሶብ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ውስጡን አሽት አድርጉት። ጨርቁ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተመለሰ እንጀራው በቀጥታ እዚያ ላይ አይነጠፍ፤ ትሪ ከሥሩ ይግባ።

ወደ አበባው እንምጣ። አደይ አበባ የሜዳ አበባ ነው፤ ከአበባ ቤት እንደሚገዛ ጽጌረዳ ሳምንት ይቆየኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከተቆረጠ በኋላ ውሃ ሳያገኝ ከቆየ አንገቱን ይደፋል፤ አስፋልት ዳር በፀሐይ ሲሸጥ የዋለ እቅፍ ቤት ሲደርስ የሞተ ይመስላል። አልሞተም። ዘንጉን ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ከሥሩ ሁለት ሳንቲ ያህል በስለታም ቢላ በሰያፍ መቁረጥ፣ ከውሃው በታች የሚውለውን ቅጠል በሙሉ ማራገፍ፣ ከዚያ እስከ አንገቱ በባልዲ ውሃ ነክሮ ጨለም ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ሁለት ሦስት ሰዓት ማቆየት ያነሣዋል። ቅጠሉ ሳይራገፍ ከቀረ ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል፤ ጠዋት አበባው ሳይሆን የረጋ ውሃ ነው የሚሸተው። ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ከአበባው ጋር ጥቃቅን ጥቁር ነፍሳት ስለሚመጡ ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ዘቅዝቆ ማራገፍ ነው፤ አለዚያ ጎመኑ ላይ ሲሄዱ ይገኛሉ።

ማስቀመጫው ብርሌ ይሁን። ይህን የምንለው ባህል ለማስመሰል አይደለም። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ ከሦስት እስከ አምስት ዘንግ ሳይዘረጠጥ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ውሃው ቶሎ አያልቅም፤ መቀመጫው ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም። አፈ ሰፊ ማስቀመጫ ውስጥ አምስት ዘንግ ብትከቱ በየፊናው ይተኛል፣ እንዲቆም ደግሞ ሃምሳ ዘንግ ይፈልጋል። ተቀምጦ የሚበላ ሰው ዓይን ከጠረጴዛው በላይ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ላይ ስለሆነ፣ ብርሌውና አበባው ተደምረው ከ25 ወይም 30 ሳንቲ ባይበልጡ ማንም አንገቱን ሳያጣምም ፊት ለፊቱ ካለው ሰው ጋር ያወጋል። ሦስት ብርሌ በ35 ሳንቲዋ ክፍት ቦታ ጎን ለጎን፣ አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ፣ በቂ ነው። አበባ የተቀመጠበት ብርሌ ለጠጅ እንዳይመለስ ግን አንገቱ ላይ ክር እሰሩበት። የብርሌን ሆድ ጣት ስለማይደርሰው ለማጽዳት አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝና ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ጨምሮ መናጥ ነው፤ ሩዙ ዝቃጩን ፍቆ ያወጣዋል።

አበባ የሚቆርጡ ልጆች ካሉ ሁለት ነገር ይነገራቸው፦ ከነሥሩ አይንቀሉ፣ ከአንድ ቦታም አይጨርሱ። ዘር የሚጥል አበባ ካልቀረ በሚቀጥለው መስከረም እዚያ ሜዳ ላይ የሚለቀም አይኖርም።

ቄጠማ ላይ የሚሠራው ስህተት ማብዛት ነው። የዛሬ ቤት ወለል የሴራሚክ ንጣፍ እንጂ የተለቀለቀ አፈር አይደለም። ከውሃ ዳር የተቆረጠ እርጥብ ቄጠማ ሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ትኩስ ወጥ ይዞ ከማድ ቤት የሚመጣ ሰው ደግሞ እግሩን አያይም። ቄጠማው በደንብ ተራግፎ፣ ከመሶቡ ሥርና ከቡናው ቦታ ዙሪያ ብቻ ይጎዝጎዝ፤ ከማድ ቤት በር እስከ ገበታው ያለው መንገድ ባዶ ይሁን። ምንጣፍ ያለበት ቤት ከሆነ ሰሌን ወይም ጆንያ ከሥሩ ይነጠፍ፤ የተረገጠ ቄጠማ የሚተወው አረንጓዴ ነጠብጣብ በቀላሉ አይለቅም። ሐሙስ ማታ የተገዛው ሳይፈታ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ደጅ ይደር። ማታውኑ ከተጎዘጎዘ ጠዋት ገርጥቶ ጫፉ ተጠቅልሎ ይጠብቃችኋል፤ ሽታውም አብሮት ሄዷል።

አሁን ዋናው፣ ትሪው። በያይነቱን ብዙ ሰው እንደ ሰዓት ቁጥር ዙሪያውን አንድ አንድ ጭልፋ እያደረገ ይደረድረዋል። ያምራል፤ ግን ምስሩ በአንዱ በኩል፣ ክኩ በሌላው በኩል ስለሚሆን እንግዳው በሰው እጅ ላይ ተሻግሮ መቁረስ ይገባዋል፣ ወይም አፍሮ ፊቱ ያለውን ብቻ ይበላል። እያንዳንዱ ወጥ ሁለት ጊዜ፣ ፊት ለፊት ይቀመጥ። ስድስት ዓይነት ካለ ግማሽ ግማሽ ጭልፋ የሆኑ 12 ክምሮች ይወጣሉ። ትሪውን ግማሽ ዙር ብታዞሩት ያው ራሱ መሆን አለበት። ይህች ብቻ ከየትኛውም ጌጥ በላይ ገበታውን የተስተካከለ ታስመስለዋለች።

ምን ከምን ጎን ይሁን? ቀይ ሥር ቀለሙ ስለሚፈስ ከድንች ወይም ከክክ አልጫ ጋር አይጎራበት፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አልጫው ሮዝ ይሆናል። ጎመን ጥሩ ድንበር ነው፤ ግን ውሃው በእጅ ተጨምቆ ወጥቶ ይሁን። ፎሶሊያ በካሮት ደረቅ ስለሆነ የትም ቢገባ አይጣላም። ስለዚህ ቀይ ሥር፣ ጎመን፣ ክክ አልጫ፣ ፎሶሊያ፣ ምስር ወጥ፣ አዚፋ፣ ከዚያ እንደገና ከቀይ ሥር ብትጀምሩ ቀለሙም አይቀላቀልም፣ ሁለት ቀይ ወይም ሁለት ቢጫም ጎን ለጎን አይውልም። ምስሩና ክኩ ጭልፋው ሲገለበጥ ክምር ሆነው የሚቀመጡ ይሁኑ። የሚፈስ ከሆነ ከመውጣቱ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ማንተክተክ ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም። ለ12 ሰው በያይነቱ አንድ ኪሎ የምስር ክክ ይበቃል፤ በያይነቱ ላይ ብዙ ቤት የሚያባክነው ለእያንዳንዱ ወጥ ብቻውን እንደሚቀርብ አድርጎ ስለሚሠራ ነው።

ሰላጣ ሎሚውና ዘይቱ የሚገባው እንግዳው እጁን ሲታጠብ ነው፤ ቀድሞ ከተለወሰ ውሃ አውጥቶ እንጀራውን ያርሰዋል። ቃሪያ ስንግ ጫፉን ወደ ውጭ አድርጎ በትሪው ዳር ይተኛ፣ ለሰው አንድ። ሱፍ ፍትፍትና ስልጆ ቀጭን ስለሆኑ በየራሳቸው ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይቅረቡ። ለዕንቁጣጣሽ ከሚሠሩት የጾም ወጦች ውስጥ የክብሩን ቦታ የምንሰጠው ለሽምብራ ዓሣ ነው። ሊጡን ዓሣ አስመስሎ ቀርጾ በዘይት ጠብሶ ወጡ ውስጥ መጨመር ጊዜ ስለሚወስድ በአዘቦት የሚሠራው የለም፤ በዓል መሆኑን የሚናገረውም እሱ ነው። በትሪው መሐል፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ዓሣ፣ ራሳቸው ወደ በላተኛው ዞሮ ይቀመጡ። ከዘይቱ ሲወጡ ቅርፊታቸው ጥርት ያለ ከሆነ ወጡ ውስጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆዩ፤ ቢቆዩ ጅራታቸው ይረግፋል።

ሽሮ መጨረሻ ነው። ሁሉም ከተቀመጠ፣ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ በሸክላው እንደፈላ መጥቶ ሰው ፊት ይገለበጣል፤ ወይም በሸክላው ይቀርባል። ቀድሞ ከተገለበጠ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እየፈሰሰ የሠራችሁትን ድንበር ሁሉ ያጠፋል።

የእንጀራው ነገር ከቀኑ ጋር ይያያዛል። ሐሙስ የተጋገረ ዓርብ ደህና ነው። ረቡዕ የተጋገረውን ግን እስከ ቅዳሜ አቆያለሁ ማለት በመስከረም እርጥበት አደገኛ ነው፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ነጥብ ሊጥል ይችላል። ለሁለቱ ቀን ሁለት ጊዜ መጋገር ይሻላል። ከምጣድ የወጣው በሰፌድ ላይ ሳይቀዘቅዝ ከተደራረበ ይጣበቃል፤ ክዳን ከተደፋበት ደግሞ ላቡ ተመልሶ ይንጠባጠብበትና የላይኛው እንጀራ ዓይኑ ይጠፋል። ጭማሪው አራት ታጥፎ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቅረብ። እንደ ሆቴል ጠቅልሎ እንደ ጣት መቆራረጥ ለፎቶ ይሆናል፤ የተቆረጠው ጫፍ ግን ወጡ ሳይደርስበት ይደርቃል።

ድፎ ዳቦ ካለ ከነሙሉ ክብሩ በሌማት ይቅረብ እንጂ ማድ ቤት አይቆራረስ፤ ቆረሳው ራሱ የገበታው አካል ነው። ግን ትኩሱን አትቁረጡት፤ ልቡ ገና እርጥብ ስለሆነ በቢላው ላይ ይለጠፋል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ሰዓት ይረፍ። ለዳቦው የመጣው የኮባ ቅጠል ከተረፈ፣ ወፍራሙን አከርካሪ በቢላ አሳስቶ፣ ፈጠን አድርጎ በእሳት ላይ አሳልፎ በጠረጴዛው ርዝመት መዘርጋት ነው። እሳቱ ቅጠሉን ስለሚያለሰልሰው ሲታጠፍ አይሰነጠቅም፤ ቀለሙም ወደ ደማቅ አረንጓዴ ይለወጣል። የተቆረጠው ጠርዝ የሚያወጣው ፈሳሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ቡናማ ምልክት ስለሚተው ጠርዙን ጠርጎ ማድረቅ ግድ ነው።

ዕጣን እየተበላ አይጨስ። እንግዳ ከመምጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ቤቱ ይታጠን፣ ከዚያ ለቡና ይመለስ፤ በመሐሉ አፍንጫ የወጡ ነው። ሽቶ ያለበት ሻማ ደግሞ ከነጭራሹ ይቅር፤ የቫኒላ ሽታና ምስር ወጥ ምን አገናኛቸው? ሻማ የሚወድ ሰው ሽታ የሌለው፣ አጭርና በብርጭቆ ውስጥ ያለ ይምረጥ። ነጠላ የለበሰ ሰው እጁን ወደ መሐል በሚዘረጋበት ገበታ ላይ የቆመ እሳት አይቀመጥም።

የእጅ ውሃ የገበታው መጀመሪያ ነውና አይናቅ። ለብ ያለ ይሁን፤ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ለማስታጠብ አንድ ብርጭቆ ተኩል ያህል ስለሚሄድ ለስድስት ሰው ሁለት ሊትር ከምግብ በፊት፣ ሁለት ሊትር ከምግብ በኋላ ይዘጋጅ። ከታላቅ ይጀመራል። ፎጣው በአስታጣቢው ክንድ ላይ ይሁን፤ ወንበር ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ ፎጣ ለመፈለግ እርጥብ እጅ ይዞ መዞር አያምርም።

ለመጠጥ ዓርብ ላይ ብርዝ እንመክራለን፤ አልኮል የማይጠጣውም ልጁም ይጠጣዋል። በዕለቱ ይበጥበጥ፤ ማር የገባበት ውሃ ካደረ መፍላት ይጀምርና ብርዝነቱ ይቀራል።

ቅዳሜ ዶሮው ሲመጣ ሕጉ ይለወጣል። የጾሙ ወጥ በዘይት ስለሆነ ለብ ቢል አይከፋም። ቅቤ የገባበት ዶሮ ግን በቀዘቀዘ ትሪ ላይ ወዲያው ይረጋና ፊቱ ይቀባባል። ስለዚህ ድስቱ ለስለስ ባለ እሳት ላይ ቆይቶ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ብቻ ይውጣ። ዶሮ 12 ብልት ነው፤ እንቁላሉም በዚያው ልክ ይቀቀልና ትሪው ላይ ሲወጣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ፊቱ ላይ ይደርሳል፤ መሐል ተከምሮ አይተውም። አይብ በነጭ ጨርቅ ታስሮ አጓቱ ሌሊቱን ሙሉ ተንጠፍጥፎ ይደር፤ ያልተንጠፈጠፈ አይብ ወጡ ላይ ነጭ ኩሬ ይሠራል። ከሥር ሁለት እንጀራ ይነጠፍ። አንዱ በስልሱ ስለሚርስ ይቀደዳል፤ ሁለተኛው ይይዘዋል። እሱ የራሰው የታችኛው እንጀራ ደግሞ የገበታው ምርጥ ክፍል ነው፤ ሥነ ሥርዓት ብሎ ቶሎ ትሪ የሚያነሣ ሰው ከእንግዳው ላይ እሱን ይነጥቃል።

የጠረጴዛ ልብስ ላይ ስለሚደርሰው እናንሣ፣ መድረሱ አይቀርምና። ባለ ጥለት የሸማ ጨርቅ ከበዓሉ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠብ፤ ጥጥ ይሰበሰባል፣ ካልታጠበ ደግሞ ልኩን አታውቁትም። ከጠረጴዛው ጠርዝ 20 ወይም 25 ሳንቲ ይውረድ፤ ከዚያ በላይ ከወረደ ሰው ሲነሣ ጉልበቱ ይዞት ይሄዳል። ወጥ ሲንጠባጠብ በርበሬው ነው የሚያስጮኸን፤ ነገር ግን የአልጫ ጠብታ ከቀይ ወጥ ጠብታ ይብሳል። በርበሬው ዘይቱ ላይ ስለሆነ ያለው፣ በማንኪያ ጫፍ ተነሥቶ፣ ደረቅ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ዘይቱን ከጠጣለት በኋላ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። እርድ ግን ቀለም ነው። ሳሙና ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ብዙ ሰው ደንግጦ በረኪና ያፈስበታል፤ ጥለቱም አብሮ ይሄዳል። ሳሙናው በደንብ ሲለቀለቅ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ከዚያ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ እርድ ፀሐይ አይችልም፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገረጣል። የአደይ አበባ ዱቄት ከነጠበ ውሃ አታስነኩት። ደርቆ ሳለ በፕላስተር ለጥፎ ማንሣት ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ዱቄቱን ወደ ክሩ ውስጥ ያስገባዋል።

ጋዜጣችሁን ከውጭ አገር ለሚያነቡትም አንድ ቃል። አደይ አበባ ሳይንሳዊ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ምሥራቅና መሐል አገር ልክ በዚህ ወቅት በየሜዳውና በየመንገዱ ዳር የሚያብበው ቢጫ አበባ፣ ቢደንስ አሪስቶሳ የሚባለው፣ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ሲታይም ያሳስታል። አውሮፓ ያለ ሰው ደግሞ በየችግኝ መሸጫው በረንዳ ላይ ለማንጠልጠል የሚሸጠውን ቢደንስ ቢገዛ ከፕላስቲክ ይድናል። እስራኤል ላሉት ዘንድሮ ያ ዓርብ ምሽት የሮሽ ሃሻናም (የአይሁድ አዲስ ዓመት) የሰንበትም ዋዜማ ስለሚሆን፣ የቀኑ ገበታ ፀሐይ ሳትጠልቅ በጊዜ ይነሣ።

ቡናው ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ አሁን የማናልፈው ከሰሉን ብቻ ነው። መስከረም ገና ስለሚበርድ መስኮት ተዘግቶ ከሰል ቤት ውስጥ ይቀጣጠላል፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ሰው ይገድላል። ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ላዩ አመድ ለብሶ ሲቀላ ብቻ ይግባ፤ ከገባም በኋላ አንድ መስኮት ተከፍቶ ይዋል፤ ማንደጃው ሥር ያለው ቄጠማም ገለል ይበል።

የሚቀጥለውን ፎቶ ስታነሡ አንድ ነገር እንለምናችሁ፤ አንባቢም ቤቱ ያንኑ ስለሚያደርግ ነው። ፎቶው ሽሮው ከመምጣቱ በፊት፣ ሰላጣውም ሳይለወስ ይነሣ። ስልክ ተይዞ «ቆይ እጅህን አንሣልኝ» ሲባል አምስት ደቂቃ ይሄዳል፤ በዚያች አምስት ደቂቃ ሽሮው ላዩ ቆዳ ይይዛል።

ከአክብሮት ጋር፣
በድግስ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ